አካልና ጥላ
ጆን ሊች፣ «ፓንች» መጽሔት፣ ለንደን፣ ሐምሌ 1843 እ.ኤ.አ.፤ በእንጨት ቅርጽ የታተመ

የእንግሊዝ ፓርላማ መቀመጫ የነበረውን የዌስትሚንስተር ቤተ መንግሥት በ1834 እሳት በላው። አዲሱ ሕንፃ የታነጸው በመካከለኛው ዘመን ካቴድራሎች አምሳል፣ በጎቲክ ስልት ነው፤ በፋብሪካ ጢስ የታፈነው ዘመን የፈረሰኛ ባላባቶችን ጊዜ አጥብቆ ይናፍቅ ነበር። ግድግዳዎቹን በታሪክ ሥዕል ለማስጌጥ ውድድር ወጣ፤ ንድፎቹም በ1843 ለሕዝብ ታዩ። 300 ፓውንድ ከተሸለሙት አንዱ፣ የቻርልስ ዌስት ኮፕ ሥራ፣ በሳክሶኖች ዘመን ተካሄደ የተባለውን የመጀመሪያውን የጁሪ (ከሕዝብ የተውጣጡ ፈራጆች) ችሎት ያሳያል።

ሊች ዓይኑን ያሳረፈው በተመልካቾቹ ላይ ነው። ልብሳቸው የተቀዳደደ ድሆች፣ ከነልጆቻቸው፣ በሥዕል አዳራሽ ውስጥ ቆመዋል። ከመካከላቸው አንዱ በምርኩዝ ተደግፏል። ከፊታቸው በትልልቅ ክፈፍ የተሰቀሉት ያማረ ልብስ የለበሱ፣ የጠገቡ ሰዎች ምስሎች ናቸው። አካሉ የቆመው ድሃ፣ ጥላው የተሰቀለው ክብር መሆኑ ነው። ለተራበ ሕዝብ ሥዕል ማቅረብ ምን ያህል ጭካኔ እንደሆነ ከዚህ በላይ በግልጽ ያሳየ የዚያ ዘመን ሥዕል ጥቂት ነው።

የውድድሩ ንድፎች በጊዜው «ካርቱን» ይባሉ ነበር፤ ቃሉ ወፍራም ወረቀት ማለት ከሆነው ጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን የአማርኛው «ካርቶን»ም ምንጩ ያው ነው። «ፓንች» ስያሜውን ለሽሙጥ ወስዶ ይህን ሥዕል «ካርቱን ቁጥር 1» አለው። ቃሉ የፖለቲካ ስላቅ ሥዕል መጠሪያ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው።