የደቻቱ አሸዋ

አማርኛ ለወንዝ ከውኃነት የሰፋ ትርጉም ሰጥቶታል። በባዕድ ምድር ዘመዱን ያገኘ ሰው «የወንዜ ልጅ» ብሎ ያቅፈዋል፤ ወንዝ ሲል አገር ማለቱ ነው። የድሬዳዋ ልጅ ግን ይህን ቃል ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ከተማዋን ለሁለት በሚከፍላት በደቻቱ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ጠብታ ውኃ አይታይበትም። በበጋ ከድልድዩ ላይ ሆኖ ቁልቁል የሚመለከት እንግዳ «ወንዙ የት አለ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም፤ የሚያየው ሰፊ የአሸዋ ጎዳና ነውና።

ጎዳና ስንልም ለአነጋገር ማሳመሪያ አይደለም። ከደቡቡ ተራራ የሚወርዱ የገጠር ሴቶች ማለዳ ማገዶና ከሰል ተሸክመው፣ ወይም በአህያ ጭነው፣ በዚሁ አሸዋ ላይ ወደ ቀፊራ ገበያ ሲተሙ ኖረዋል። ፍየል ነጂው ይከተላል፤ ከሺኒሌ ሜዳ የመጣ ግመልም አንገቱን ሰብቆ ያልፋል። በሌላው ጥግ አካፋ የያዙ ጎልማሶች ለሕንፃ ሥራ የሚሆነውን አሸዋ እየዛቁ የጭነት መኪና ይሞላሉ። ቀትር ላይ ድሬዳዋ ሱቋን ዘግታ ስታርፍ የወንዙም ወለል ጭር ይላል። ፀሐይዋ ስትዘቀዝቅ ደግሞ ልጆች ለግብ ሁለት ሁለት ድንጋይ አቁመው ኳስ ይጀምራሉ። ዳር ይዘው የሚቀመጡት ትልልቆቹ የሚጫወቱት ወሬ ለዘመናት ብዙ አልተለወጠም፤ ባቡሩ መቼ ይገባል፣ የጅቡቲ ዕቃ ዋጋው እንዴት ዋለ፣ በየትኛው ኬላ የማን ሸቀጥ ተያዘ። ወሬው በአማርኛ ተጀምሮ በኦሮምኛ ሊቀጥልና በሶማሊኛ ሊያልቅ ይችላል።

እንዲህ ያለ ወንዝ ዳር ከተማ ማን መሠረተ? እውነቱን ለመናገር ድሬዳዋ የሐዲድ እንጂ የወንዝ ልጅ አይደለችም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዙ ባለሙያ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሲሰጡ፣ የመጀመሪያው መስመር ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር። በ1890 ዓ.ም. የተጀመረው ሥራ የተራራው ግርጌ ላይ ሲደርስ ግን ችግር ገጠመው። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ሜዳው ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ነው። ያንን አቀበት በሐዲድ መውጣት ከኩባንያው አቅም በላይ ሆነ። ስለዚህ ሐረርን ወደ ባቡሩ ማውረድ ተመረጠ፤ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ሐዲዱ የደረሰበት ሜዳ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ። ኩባንያው ገንዘቡ ተሟጥጦ ሥራው በመቋረጡ ሥፍራው ለዓመታት የመስመሩ መጨረሻ ሆኖ ቆየ። ከፉርጎ የሚወርደው ሸቀጥ በግመልና በበቅሎ ይጫናል፤ የሐረር ቡናና ቆዳ ደግሞ በተራው ወደ ፉርጎ ይገባል። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ድሬዳዋ የቆመች ከተማ ነበረች።

የቆመችው ግን አንድ ሆና አይደለም። ከወንዙ በስተ ምዕራብ ከዚራ ተቀየሰ፤ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ በረድፍ የተተከለ፣ ጣቢያው፣ የኩባንያው ቤቶችና መሥሪያ ቤቶቹ ያሉበት ሰፈር ነው። በስተ ምሥራቅ ደግሞ መጋላ በራሱ ሥርዓት አደገ። መጋላ በኦሮምኛም በሶማሊኛም ከተማ ማለት ነው፤ በዚያ ወገን ያለ ሰው ትክክለኛዋ ከተማ የእርሱ እንደ ሆነች በስሙ ተናግሯል ማለት ይቻላል። አንዱ በመሐንዲስ ማስመሪያ፣ ሌላው በገበያተኛ እግር የተቀየሱ ሁለት ከተሞች ናቸው። በመካከላቸው የቀረው የደቻቱ ወለል በማንም ፕላን ውስጥ ቦታ አልተሰጠውም። ባለቤት የሌለው መሬት ደግሞ የድኻ መሬት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያሻም። በ1987ቱ ቆጠራ 165 ሺህ ገደማ የነበረው የከተማው ሕዝብ በ1999ኙ 233 ሺህ ደረሰ። ድርቅና ጦርነት ከየአቅጣጫው የገፉት፣ የጅቡቲ ንግድ የሳበው፣ ሥራ ፍለጋ የመጣው ሁሉ ቦታ ይሻ ነበር፤ ለእርሱም የተረፈው የወንዙ ዳርቻ ነው። መጀመሪያ ሸራ ይወጠራል፤ ሸራው ቆርቆሮ ይሆናል፤ ቆርቆሮው ሥር የጭቃ ግድግዳ ይቆማል። ግብር የሚጠይቅ፣ ኪራይ የሚሰበስብ፣ መብራት የሚያስገባ ሲመጣ ደግሞ ነዋሪው ቤቱ ቤት መሆኑን ያምናል። ማመኑስ ምን ያስደንቃል? ወንዙን ራሱን ያየው በዓመት ለጥቂት ሰዓታት ነው።

የወንዙ ጠባይ ግን በላይ በተራራው ላይ ይወሰናል። በደንገጎና በቀርሳ በኩል ያለው ደጋ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ከከተማዋ በመቶዎች ሜትር ከፍ ይላል። እዚያ የጣለ ኃይለኛ ዝናብ በገደሉ ተንደርድሮ ሜዳው ላይ ለመድረስ ብዙ ሰዓት አይፈጅበትም፤ ድሬዳዋ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጎርፉ ሊደርስ ይችላል። ቀድሞ ዛፍና ቁጥቋጦ የዝናቡን ጉልበት ያበርዱት፣ አፈሩም ይመጠው ነበር። ያ ዛፍ ግን ከላይ እንዳየነው ማለዳ ማለዳ ማገዶና ከሰል ሆኖ በዚሁ አሸዋ ላይ ሲወርድ ኖሯል፤ የከተማዋም ምድጃ ያለ እርሱ አይነድም ነበር። ከሰል ተሸካሚዋን ሴት ተጠያቂ ማድረግ ቀላል ቢሆንም ፍትሕ አይደለም፤ እርሷ የሸጠችውን የገዛነው እኛ ነንና።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነሐሴ 6 ቀን 2006) እሑድ ሊነጋጋ ሲል፣ ከተማዋ በተኛችበት ሰዓት ደቻቱ መጣ። ከተራራው ቋጥኝና ግንድ እያንከባለለ የወረደው ውኃ በሁለቱም ዳር ያሉትን ቤቶች ከነነዋሪዎቻቸው ጠረገ። ከ250 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ 10 ሺህ ያህል ሰው ተፈናቀለ። ለቀናት ከጭቃና ከአሸዋ ውስጥ አስከሬን ሲፈለግ ሰነበተ። ሳምንት እንዳለፈ ደግሞ በደቡብ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች ምድር በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ወሰደ። የኦሞ ሰው ግን ወንዙን ዓመቱን ሙሉ እያየው ይኖራል፤ የድሬዳዋው ሰው የሞተው መንገዴ፣ ገበያዬ፣ የልጆቼ መጫወቻ ብሎ በሚያውቀው ነገር ነው።

በዚያ ሰሞን «ወንዝ ውስጥ ምን አስገባቸው?» የሚል ጥያቄ ከብዙ አፍ ተሰምቷል። ጥያቄው ጨካኝ ብቻ ሳይሆን ታሪክ የማያውቅ ነው። ሰዎቹ ወንዝ ውስጥ አልገቡም፤ መቶ ዓመት ሙሉ ከተማ ነው ሲባል በኖረ ቦታ ነበሩ። አሸዋው ላይ ያልተሻገረ፣ ያልሸመተ፣ ከአሸዋው ዝቆ ቤቱን ያልሠራ የድሬዳዋ ሰው ማን አለ?

ከጎርፉ በኋላ ለተፈናቀሉት በሌላ ሥፍራ ቤት ተሠራላቸው፤ በወንዙ ዳርና ዳርም የመከላከያ ግንብ ቆመ። ግንቡ ብዙ ረድቷል፤ ሆኖም በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በከተማዋ የደረሰ ድንገተኛ ጎርፍ ዳግም የሰው ሕይወት አጥፍቷል። በሌላ በኩል ከተማዋን የወለደው አሮጌ ባቡር ተዳክሞ ቆመ፤ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያም ከከተማው ውጭ ሆነ። ሐዲዱ ሲርቅ ወንዙ በቦታው ቀረ። ድሬዳዋ የምትጠጣው ውኃ ከጉድጓድ የሚወጣ በመሆኑ፣ ከደጋው ወርዶ በአሸዋው ውስጥ የሚሰርገው ጎርፍ ከፊሉ ተመልሶ በየቤቱ ቧንቧ ይመጣል።

በክረምት አመሻሽ በደንገጎ በኩል ደመናው ሲጠቁር፣ ከተማዋ ላይ ጠብ የሚል ነገር ባይኖርም፣ በወንዙ ዳር ሸቀጥ የዘረጉ ሴቶች ፊታቸውን ወደ ተራራው ያዞራሉ። ከመካከላቸው አንዷ ሸራዋን መጠቅለል ከጀመረች ሌሎቹ ምክንያቱን አይጠይቋትም።