የሻርፕ ቋጠሮ

ስለ ስካውት ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ልብሱን ነው። ካኪ ቁምጣ፣ እስከ ጉልበት የተሳበ ካልሲ፣ አንገት ላይ የታሰረ ሻርፕ፣ ደረት ላይ የተንጠለጠለ ፊሽካ። ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው በንጉሡ ዘመን በበዓል ቀን በሰልፍ ሲያልፉ ያያቸውን ልጆች ያነሣል። ከዚያ በኋላ የተወለደው ደግሞ «ለመሆኑ ስካውት ማለት ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ከልብሱ አልፎ ስለ ቃሉ የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። ቃሉ ያልሁት አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ማንም ሳያዘውና ማንም ሳይቆጥርለት፣ በየቀኑ አንድ ደግ ሥራ ለመሥራት የሚገባውን ቃል ነው። ይህች ትንሽ ቃል በአገራችን ምን ደረሰባት? ላነሣው የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ነገሩን ከመነሻው እንያዘው። ስካውት በእኛ ቋንቋ «ቃኚ» ማለት ነው፤ ከጦር ፊት ቀድሞ አገር የሚያይ፣ ዱካ የሚያነብ። የንቅናቄው መሥራች ሮበርት ቤደን ፖዌል የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነበር። አባቶቻችን አድዋ ላይ በተሰለፉበት በ1888 ዓ.ም. እሱ በመጀመሪያ በአሻንቲ፣ ቀጥሎም በማታቤሌ ምድር፣ ማለትም በዛሬዎቹ ጋናና ዚምባብዌ፣ አፍሪካውያንን ለማስገበር ከዘመቱት ጋር ነበር። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። በኋላ በቦር ጦርነት ጊዜ ማፌኪንግ በምትባል የደቡብ አፍሪካ ከተማ ውስጥ 217 ቀን ተከቦ ሲቆይ ስሙ ገነነ። በዚያ ከበባ ትንንሽ ልጆች መልእክት ሲያመላልሱ አየ። ልጅ ኃላፊነት ቢሰጡት ይወጣዋል የሚለው እምነቱ አንዱ መነሻው ይህ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1907 ሃያ ያህል ልጆች ይዞ ብራውንሲ በምትባል ደሴት ላይ ድንኳን ተከለ። የባለጸጋ ልጆችና የሠራተኛ ልጆች ተደባልቀው በየቡድኑ ተመደቡ። በዓመቱ መጽሐፉ ወጣ፤ ንቅናቄውም እሱ ራሱ ባልጠበቀው ፍጥነት በዓለም ተሠራጨ። በመጀመሪያ ዘጠኝ የነበሩት የስካውት ሕጎች እ.ኤ.አ. በ1911 አሥር ሆኑ። ታማኝ መሆን፣ ሰውን መርዳት፣ ለእንስሳ መራራት፣ በችግር ጊዜ አለመነጫነጭ፣ ቁጠባ፣ ንጽሕና፣ እያለ ይቀጥላል። ከሁሉ ይልቅ ለእኔ የሚበልጥብኝ ስካውት የሌላው ስካውት ወንድም ነው የሚለው፣ ዘርና ማዕረግ የማይለየው ሕግ ነው።

ሕጉ ይህ ሆኖ ሳለ ቅኝ ገዥዎች ባሉበት ሁሉ አልተጠበቀም። በደቡብ አፍሪካ ጥቁር ልጆች ከነጮቹ ጋር እንዳይሰለፉ ተከልክለው «መንገድ ጠራጊዎች» እንደ ማለት የሆነ የተለየ ስምና የተለየ ማኅበር ተሰጣቸው። ወደ አንድ ማኅበር የተቀላቀሉት እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ወደ ኢትዮጵያ ስካውት ሲመጣ ግን በገዥ እጅ አልመጣም። በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ነው በ1920ዎቹ የበቀለው፤ የበላይ ጠባቂውም ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። የኛ ልጆች ሻርፑን ሲያስሩ የሚሰግዱለት የባዕድ ባንዲራ አልነበረም። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ዘመኑ ግን ለጨዋታ የሚመች አልነበረም። ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ተቋቋመ። ቁስል ማሰር፣ ቃሬዛ መሥራት፣ መልእክት ማድረስ፣ ልጆች በሜዳ ላይ የሚለማመዱት መሆኑ ቀርቶ አገር የሚፈልገው ሙያ ሆነ። እኔ ባደግሁበት በአቃቂ የተተከለው የሬዲዮ ጣቢያም ሥራውን የጀመረው በዚሁ ሰሞን ነው። በ1928 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ድምፅ ባሕር ተሻግሮ የተሰማው ከዚያ ነበር። መስከረም 22 ቀን ጦርነቱ ተጀመረ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የተማሩ ወጣቶች እየታደኑ ተገደሉ። ለአገር ዝግጁ ይሆናል የተባለው ትውልድ ገና ሳያብብ ተቀጠፈ።

አስገራሚው ነገር፣ ያ የወረረን መንግሥት አስቀድሞ የራሱን ስካውቶች ያጠፋ መሆኑ ነው። ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1926 «ባሊላ» የሚባል የልጆች ድርጅት አቋቋመ፤ በ1928 ደግሞ የጣሊያንን ስካውት አገደ። ባሊላም ቢሆን ዩኒፎርም ነበረው፤ ሻርፕ ነበረው፤ ሰልፍና ድንኳን ነበረው። የተለወጠው ልጁ ቃል የሚገባለት ነው። ለባልንጀራ የነበረው ቃል ለአንድ ሰው ሆነ፤ ለመሪው። በሚላኖ አካባቢ ጥቂት ልጆች ግን እምቢ አሉ። «የባዘኑ ንስሮች» ብለው ራሳቸውን ሰይመው፣ በየተራራው እየተሰወሩ ስካውትነታቸውን ቀጠሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ እነዚህ ሰዎች የሚሳደዱ አይሁዶችንና ሌሎችንም ድንበር አሻግረው ወደ ስዊዘርላንድ አደረሱ። ያደረሷቸው ሰዎች ቁጥር ከሁለት ሺህ በላይ ነው። ዩኒፎርሙ በአዋጅ ሲወሰድ ቃሉ እንደማይወሰድ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ከነፃነት በኋላ ስካውት በእኛም አገር እንደገና አንሠራራ፤ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ተዛመተ፤ በ1960ዎቹ መግቢያ ላይም ማኅበሩ በዓለም ድርጅት አባልነት ተመዘገበ። አቃቂ ያኔ የፋብሪካና የባቡር ከተማ ነበረች። ቀኑን የሚከፍልልን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጥሩምባና የባቡሩ ፉጨት ነበር። በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ እኔም ከሠላሳ ያህል ልጆች ጋር ሻርፕ አሰርሁ። የረር ተራራን እያየን አቅጣጫ መለየት፣ በአቃቂ ወንዝ ዳር ድንኳን መትከል፣ በአንድ ክብሪት እሳት ማንደድ ተማርን።

ከሁሉም የማይረሳኝ ግን ቋጠሮው ነው። ከመሥራቹ ጀምሮ የመጣ ልማድ ነው። ስካውቱ ጠዋት የሻርፑን ጫፍ ይቋጥራል፤ የዕለቱን ደግ ሥራ ሳይሠራ አይፈታውም። አንድ ቀን ማታ ሳይመሽብን ቋጠሯችንን ለመፍታት ስንሯሯጥ፣ ስድስት ሆነን ከገበያ የሚመለሱ አንዲት እናት ላይ ደረስን። አንዱ ቁናውን ይነጥቃል፣ ሌላው እጃቸውን ይይዛል፣ ሌላው ዣንጥላቸውን ይወስዳል። «ኧረ ልጆቼ፣ አንዲት ቁና ጤፍ ስንት ሰው ይሸከማታል?» አሉን። ነገሩ መምህራችን ዘንድ ደረሰ። ጋሼ እስኪበቃቸው ከሳቁ በኋላ የተናገሩት ግን እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር አለ፤ የራስህን ቋጠሮ ለመፍታት ብለህ የምታድነው ደግነት ደግነት አይደለም፤ የቸገረውን ሰው አይተህ ቋጠሮህን የረሳህ ዕለት ነው ስካውት የሆንኸው አሉን። የሠራነውን ለማንም እንዳንናገርም አዘዙን።

እንግዲህ ይህን ስል ያ ዘመን እንከን አልነበረውም ማለቴ አይደለም። ሻርፑን ያሰርነው ትምህርት ቤት የገባን፣ ቁምጣና ጫማ የሚገዛልን ልጆች ነበርን። ወንዙን ተሻግሮ ከብት የሚጠብቀው እኩያችን ከእኛ ጋር አልተሰለፈም፤ እህቶቻችንም ቆመው ያዩን ነበር። ወንድምነቱ በደብተር ልክ የተሰፈረ ነበር ማለት ይቻላል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከዚህ የበለጠ ነገር ተናግረዋል። ገበሬው ከምርቱ ግማሹንና ከዚያም በላይ ለባለርስት በሚያስረክብበት አገር የአንዲት እናት ቁና መሸከም ምን ይፈይዳል? ጥያቄው እውነተኛ ነበር። ትንሽ ደግነት የትልቅ ግፍ መሸፈኛ ሊሆን ይችላል። ከፍ ወዳለ ክፍል ስንሄድ ብዙዎቻችን ሻርፑን አውልቀን በራሪ ወረቀት ያነሣነው ለዚህ ነው። አልተሳሳትንም።

አብዮቱ መጣ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ታወጀ፤ ስልሳ ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማሩ። በየካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ብዙዎቻችን ዘመቻው ውስጥ ነበርን፤ ገበሬው ሲያለቅስ አይተናል፤ ይህን ደስታ የሚክድ የለም። እንደገና ካኪ ለብሰን ነበር። ልዩነቱ እየቆየ ነው የገባን። የዘመቻው ቃል በሪፖርት የሚቆጠር ነበር። ይህን ያህል ሰው ፊደል ቆጠረ፣ ይህን ያህል ማኅበር ተደራጀ፣ ይህን ያህል አድኃሪ ተጋለጠ።

የመጨረሻዋ ቃል ናት አገሩን ያነደደችው። ስካውት ከሌሎች የንጉሡ ዘመን ተቋማት ጋር ተበተነ። የወጣቱ ጉዳይ ወደ ቀበሌ ዞረ፤ በ1972 ዓ.ም. አብዮታዊ የኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር በአገር አቀፍ ደረጃ ተመሠረተ። ይህ የኛ ብቻ ዕጣ አልነበረም። ሶቪየቶች ስካውትን ካጠፉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1922 የፓዮኒር ልጆችን ሲያደራጁ ሻርፑንም «ተዘጋጅ» የሚለውን መፈክርም ከስካውት ወስደዋል። የጋናው ንክሩማም እ.ኤ.አ. በ1960 ወጣት ፓዮኒሮችን አቋቁመዋል። ቀኙም ግራውም የልጅን አንገት አይተው የራሳቸውን ሻርፕ ነው ያሰሩበት።

የእኛ ቡድን መሪ የነበረው ልጅ በ1970 ዓ.ም. አንድ ሌሊት ከቤቱ ተወሰደ፤ አልተመለሰም። ሊወስዱት ከመጡት መካከል አንዱ አብሮን ሻርፕ ያሰረ፣ በአንድ ድንኳን ያደረ ልጅ ነበር። የስካውት ወንድም የሚለውን ሕግ ከእኔ እኩል በቃሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ስካውትነት ሰውን ከክፋት ይከለክላል ብዬ አልከራከርም። አይከለክልም። ግን ሌላም አለ። ያን ጊዜ ለተገደለ ልጅ ማልቀስ የተከለከለ ነበር፤ ጎረቤት የሟቹን ቤት ደጃፍ ይሸሻል። እናቱን ግን አንድ ሰው ማታ ማታ ውኃ ይቀዳላቸው ነበር። ማን እንደሆነ የታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እሳቸው ባረፉ ጊዜ ለቅሶው ላይ ነው። እሱም ከእኛው ቡድን ነበር። ሰዎች ሲያመሰግኑት አፈረ። መንግሥት አላዘዘውም፤ ድርጅት አልቆጠረለትም፤ ቢያዝ ኖሮ ምን እንደሚደርስበትም ያውቅ ነበር።

ከእነዚህ ሁለት ልጆች የተማርሁት ይህን ነው። ትልቁ ቃል፣ አገርን የመለወጡ ቃል፣ አስፈላጊ ነበር፤ ዛሬም ነው። ነገር ግን ትልቁን ቃል ስናነሣ ትንሿን ንቀን ጣልናት። ትልቁ ቃል በእጃችን ላይ ደም ሆኖ ሲገኝ የምንመለስባት አልነበረችንም። ትንሿን ያልጣለው ሰው ብቻ በዚያ ጨለማ ውስጥ ምን እንደሚሠራ አላጣውም። እንስራ አንሥቶ ወጣ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ስካውት በኢትዮጵያ እንደገና ተነሥቷል፤ ማኅበሩ ዛሬም አለ። ደስ ይለኛል። የምፈራው ግን ሰልፉን ነው። ሹም ሲመጣ ሻርፕ አሳስሮ ማቆም ቀላል ነው፤ ስንት ልጅ እንደ ተሰለፈ፣ ስንት ችግኝ እንደ ተተከለ መዘርዘርም ቀላል ነው። ችግኙን በየካቲት ፀሐይ ውኃ ያጠጣው ልጅ ግን በሪፖርት አይገባም። እኛ የዋኘንበት የአቃቂ ወንዝ ዛሬ ከፋብሪካና ከከተማ የሚለቀቅ ቆሻሻ ተሸክሞ ወደ አባ ሳሙኤል የሚወርድ ነው። በዚህ ክፍለ ከተማ ልጅ ለሚያሳድግ፣ ለሚያስተምር፣ ስካውት ለሚያሰለጥን ሁሉ የምለው አንድ ነው። ለልጁ ካኪ ከመግዛታችሁ በፊት ማንም የማያይለትን ሥራ አስለምዱት። ወንድ ይሁን ሴት፣ አማርኛ ይናገር ኦሮምኛ፣ ደብተር ይኑረው አይኑረው አትምረጡ።

በገዥ ሁሉ ዘንድ ይህች ትንሽ ቃል ብዙ ወዳጅ ኖሯት አያውቅም። ስለማትቆጠር ለሪፖርት አትመችም፤ ስለማትታዘዝም ለሰልፍ አትመችም። ልጆቻችንን ልናስተምራቸው የሚገባን ግን ለዚሁ ነው።