«ክላፍ ይመለስልን!»፦ የደርቢ ደጋፊዎችና የሚቀጥለው አሠልጣኝ

አንድ ትልቅ የእንግሊዝ ክለብ አሠልጣኙን ባሰናበተ ማግስት አዲስ አበባ ላይ ሥራ የሚፈታው ሰው ብዛት ይገርማል። ሚኒባሱ፣ ፀጉር ቤቱ፣ ዲኤስቲቪ ቤቱ፣ ቢሮው ሁሉ የቅጥር ኮሚቴ ይሆናል። ዕጩ ይቀርባል፤ ዕጩ ይጣላል። «እሱ ተከላካይ አያውቅም»፣ «ያኛው ትልቅ ክለብ ይዞ አያውቅም»፣ «ይሄኛውማ ለተጫዋቾች ይለሰልሳል» ይባላል። የክለቡን ሜዳ በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ሰው የቦርዱን ሊቀ መንበር በስሙ እየጠራ ይመክራል። እኛም እዚህ የምንጽፈው ልጆች ግማሻችን አርሴ፣ ግማሻችን ማንቼ ስለሆንን ከኮሚቴው ውጭ ነን አንልም። (አለቃ ስለ ማንሳትና ስለ መተካት እንዲህ ድምፅን ከፍ አድርጎ መከራከር የሚቻልበት ሌላ መድረክ ስንት እንዳለን አንባቢ ይቁጠርልን።)

ለመሆኑ ደጋፊ አሠልጣኝ መርጦ ያውቃል? ቢመርጥስ ይሳካለታል? ይህን ብለን የኳስን ታሪክ ስናገላብጥ ከሁሉ ይልቅ ቀልባችንን የያዘው የደርቢ ካውንቲ ደጋፊዎች ነገር ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1973 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)።

ደርቢ በእንግሊዝ መሐል አገር የምትገኝ፣ በባቡር ፋብሪካና በሮልስ ሮይስ የአውሮፕላን ሞተር የምትተዳደር የሠራተኛ ከተማ ነበረች። ብሪያን ክላፍ ከወዳጁና ከምክትሉ ከፒተር ቴይለር ጋር በ1967 ሲመጣ ክለቡ በሁለተኛው ዲቪዚዮን ይዳክር ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ጭራሽ ባሰ፤ ቡድኑ 18ኛ ሆኖ ጨረሰ። (ዛሬ ቢሆን እስከ ጥር የሚያቆየው አልነበረም።) በ1969 ግን የዲቪዚዮኑ አሸናፊ ሆኖ ወደ ላይ ወጣ፤ በ1972 ደግሞ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። ያውም ተጫዋቾቹ ጨዋታቸውን ጨርሰው ማዮርካ ደሴት ላይ ሲዝናኑ፣ ተፎካካሪዎቻቸው ነጥብ ጥለው ነው ዋንጫው የእነሱ መሆኑን የሰሙት። ከተማዋን የሚያበላት ሮልስ ሮይስ ከስሮ መንግሥት የወሰደው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1971 ነበር። እንጀራው ባጠራጠረ ማግስት ቡድኑ የአገሩ አንደኛ ሲሆን ያን ቡድን የሠራው ሰው ለከተማው ሕዝብ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ክላፍ ለደርቢዎች አሠልጣኝ ብቻ አልነበረም።

በ1973 የፀደይ ወራት ደርቢ በአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ በጁቬንቱስ ተሸነፈ። ክላፍ ግን አፉ አያርፍም። በቴሌቪዥን ይናገራል፣ በጋዜጣ ይጽፋል፤ የኳስ ፌዴሬሽኑንም፣ ተጋጣሚዎቹንም፣ የገዛ ክለቡን ሹማምንትም አይምርም። የክለቡ ሊቀ መንበር ሳም ሎንግሰን «ወይ ዝም በል» አሉ። ክላፍ ዝም የሚል ሰው አልነበረም። ቡድኑ ማንቸስተር ዩናይትድን በሜዳው ኦልድ ትራፎርድ 1 ለ 0 ካሸነፈ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1973፣ ከቴይለር ጋር የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገቡ። ቦርዱ ይለምነናል ብለው አስበው ይሆናል። ቦርዱ ግን ተቀበለ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው የእኛን የዲኤስቲቪ ቤት ክርክር ልጅ ጨዋታ የሚያስመስለው። የደርቢ ሰው አደባባይ ወጣ። የተቃውሞ ንቅናቄ ተቋቋመ፤ ስብሰባ ተጠራ፤ «ክላፍ ይመለስ» የሚል ጽሑፍ ከተማውን ሞላው። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ደርቢ በሜዳው ከሌስተር ጋር ሲጫወት ክላፍ ራሱ ቤዝቦል ግራውንድ ብቅ ብሎ ለሕዝቡ እጁን አውለበለበ፤ ሜዳው በጩኸት ተናጋ። ተጫዋቾቹም አልቀሩም፤ አሠልጣኛችን ይመለስልን ብለው ለቦርዱ ደብዳቤ ጻፉ፤ ሥራ እናቆማለን እስከ ማለትም ደረሱ። ልብ በሉ፤ እዚህ የዕጩ ዝርዝር የለም። ዝርዝሩ አንድ ስም ብቻ ነው፤ እሱም የለቀቀው ሰውዬ።

ቦርዱ በዚህ መሐል ዴቭ ማካይን ሾመ። ማካይ እንግዳ አይደለም። ክላፍ ራሱ በ1968 ከቶተንሃም አምጥቶት፣ አምበል ሆኖ ደርቢን ከሁለተኛው ዲቪዚዮን ያወጣ ሰው ነው። ያኔ የሚያሠለጥነው ጎረቤቱን ኖቲንግሃም ፎረስትን ነበር። እንደ ተጫዋች የሚወዱት ሰው፣ በክላፍ ወንበር ሲቀመጥ ግን ወንበር ቀማኛ መሰላቸው። የቡድኑ ልጆች ልባቸው ከሌላ ሰው ጋር ነው፤ ሰገነቱ የሌላ ሰው ስም ይዘምራል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ሥራ የጀመረ ሰው ምን እንደሚሰማው እናንተው ገምቱት። ማካይ ግን አልተመለሰም። የዚያን ዓመት ውድድር 3ኛ ሆኖ ጨረሰ። ብሩስ ሪዮክን ከአስቶን ቪላ፣ ፍራንሲስ ሊን ከማንቸስተር ሲቲ አመጣ፤ በ1975 ደርቢን ለሁለተኛ ጊዜ የእንግሊዝ ሻምፒዮን አደረገ።

ታዲያ ደጋፊው ተሳስቶ ነበር ማለት ነው? እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚያስቸግረው። ክላፍ ብራይተን ሄዶ ብዙም ሳይሳካለት፣ ሊድስ ሄዶ በ44 ቀን ተባርሮ፣ በጥር 1975 ከደርቢ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ በምትርቀው ከተማ ኖቲንግሃም ፎረስትን ያዘ። ፎረስት በ1977 ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን ወጣ፤ በ1978 የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1979 እና በ1980 የአውሮፓን ዋንጫ ተከታትሎ በላ። ፎረስት ሁለተኛውን የአውሮፓ ዋንጫ ባነሳበት በዚያው የ1980 የውድድር ዘመን ደርቢ ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ወረደ። ጎረቤት የእናንተን ሰው ወስዶ እንዲህ ሲያደርግ ከማየት የባሰ ቅጣት አለ? «እኛ ብለን ነበር» ያሉ የደርቢ ሽማግሌዎች እውነታቸውን ነው።

ቢሆንም ለእኛ የሚከነክነን ክላፍ አይደለም፤ ማካይ ነው። ዋንጫውን ባነሳ በዓመት ከመንፈቁ፣ በኅዳር 1976፣ ክለቡ አሰናበተው። በ1977 መጀመሪያ ላይ ቦርዱ ራሱ፣ ያ ሕዝቡን አልሰማም ያለው ቦርድ፣ ክላፍን ተመለስልን ብሎ ጠየቀው። አልመጣም። ደጋፊ ስለ ቀጣዩ አሠልጣኝ ሲከራከር ብዙ ጊዜ የሚያለቅሰው ስለ ሄደው ነው፤ በደርቢ ግን ለቅሶው ከደጋፊ አልፎ ቦርዱንም ያዘው። ለቅሶ ላይ ደግሞ አጠገብህ ያለውን ሰው አታይም። ዛሬም የደርቢ ስም ሲነሳ አብሮ የሚነሳው ክላፍ ነው፤ ክለቡ ካሉት ሁለት የሊግ ዋንጫዎች አንዱ የማካይ መሆኑን ከስንት አንድ ሰው ነው የሚያነሳው።

ያ ማካይ ያመጣው ብሩስ ሪዮክ ደግሞ በእኛ ሰፈር ክርክር ውስጥም ድርሻ አለው። አርሴናል በነሐሴ 1996 ያባረረው አሠልጣኝ እሱ ነው። (ቤርካምፕ የመጣው በእሱ ዘመን መሆኑን ብዙ አርሴ አያስታውስም።) ያኔ በጋዜጣው የሚጠሩት ስሞች ከባርሴሎና የወጣው ክራይፍ፣ የእንግሊዝን ብሔራዊ ቡድን የለቀቀው ቬነብልስ ነበሩ። ምክትል ሊቀ መንበሩ ዴቪድ ዲን ዓይናቸውን የጣሉት ግን ጃፓን ናጎያ ላይ በሚያሠለጥን አንድ ቀጭን ፈረንሳዊ ላይ ነበር። የለንደኑ ኢቭኒንግ ስታንዳርድ «አርሴን ማን?» ብሎ ተሳለቀ። የቀረውን አንባቢ ያውቀዋል። በዚያ ምርጫ ደጋፊ ቢጠየቅ ኖሮ ቬንገር የሚባል ስም በማንም አፍ አይጠራም ነበር፤ በ2018 ሲለቅ ግን ተተኪው ማንም ይሁን ማን መለኪያው ቬንገር ነበር።

ወደ ማንቼ ስንሄድ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በ2013 ፈርጉሰን ጡረታ ሲወጣ ተተኪውን ራሱ ጠቆመ፤ ዴቪድ ሞይስ። (መተካካት ማለት ይሄ ነው፣ እንኳን እኛ አገር ሌላም ቦታ ቀላል አይደለም።) የስድስት ዓመት ውል ተፈረመ፤ ኦልድ ትራፎርድ ላይ «የተመረጠው» የሚል ጨርቅ ተሰቀለ። አንድ የውድድር ዘመን እንኳ ሳይሞላው፣ በሚያዝያ 2014፣ የተመረጠው ተሰናበተ። ደጋፊው የፈለገውን ያገኘበት ጊዜ ቢኖር ሶልሻየር ነው። በታኅሣሥ 2018 በጊዜያዊነት መጣ፤ በመጋቢት ፓሪስን በሜዳው ሲያሸንፍ ሰገነቱ «እሱው ይሁን» አለ፤ ክለቡም እሺ ብሎ በዚያው ወር አስፈረመው። ሰውዬው መጥፎ ነበር አንልም። ግን ሰገነቱ ያየው የ2019ኙን አሠልጣኝ ነው ወይስ የ1999ኙን የባርሴሎና ሌሊት ጎል? በኅዳር 2021 እሱም ሄደ።

የደርቢዎች ጥያቄ በመጨረሻ ተመልሷል፤ 35 ዓመት ዘግይቶ። ክላፍ በ2004 አረፈ፤ በ2005 ደርቢንና ኖቲንግሃምን የሚያገናኘው አውራ ጎዳና በስሙ ተጠራ። በጥር 2009 ደግሞ ደርቢ በፎረስት ማሊያ በአጥቂነት ያደገውን ልጁን ናይጄል ክላፍን አሠልጣኝ አድርጎ ሾመ። በ2010 ከስታዲየሙ ውጭ የአባትየውና የቴይለር ሐውልት ቆመ። ልጁ አራት ዓመት ከመንፈቅ በላይ ቆየ፤ በመስከረም 2013 ቡድኑ በፎረስት 1 ለ 0 በተሸነፈበት ዕለት ተባረረ። ማካይ በ2015 በ80 ዓመቱ አረፈ። ደርቢ ከእሱ ዋንጫ ወዲህ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅም።