ኮምፒዩተር ራሱን ማስተዳደር ሲማር

ስለ ማሽን ለርኒንግ ሲወራ ብዙዎቻችን የምናስበው ፎቶ የሚለይ፣ ጽሑፍ የሚተረጉም ወይም እንደ ሰው የሚያወራ ፕሮግራም ነው። ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት ግን ከዓይን የራቀውን ሥራውን ነው፤ ይኸውም ኮምፒዩተር የራሱን የውስጥ ሥራ እንዲያስተዳድር ማስተማር ነው። ዓመቶቹን፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

የምኖረው ዲመን ነው። ወደ አምስተርዳም ማዕከላዊ ጣቢያ በሚሄደው ባቡር ስሳፈር ቀጣዩ ፌርማታ ሳይንስ ፓርክ ነው። እዚያ ትልልቅ ዳታ ሴንተሮች ቆመዋል። በዚያው ግቢ ያለው ሲደብልዩአይ የተባለው የሒሳብና የኮምፒዩተር ምርምር ተቋም ኖቬምበር 17 ቀን 1988 ከአሜሪካው የምርምር ኔትወርክ ጋር በመገናኘት ኢንተርኔትን ወደ አውሮፓ ካስገቡት ቀዳሚዎች አንዱ ሆኗል። ሙያዬ የሰርቨር አስተዳደር ስለሆነ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የማስበው በውስጥ በየሴኮንዱ ስለሚሰጡት ጥቃቅን ውሳኔዎች ነው። የትኛው ሥራ ይቅደም? የትኛው መረጃ ቅርብ ይቀመጥ? ስንት ማሽን ይብራ? ለረጅም ዘመን መልሱን የሚሰጠው ሰው አስቦ የጻፈው ቋሚ ደንብ ነበር። አዲሱ ሐሳብ ማሽኑ መልሱን ካለፈው ልምድ እንዲማር ማድረግ ነው።

መዝገበ ቃላት እንዴት እንገልጣለን?

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። በሀለሐመ ተራ የተዘጋጀ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ይዛችሁ «ወንዝ» የሚለውን ቃል ፈልጉ ብትባሉ ከመጀመሪያው ገጽ አትነሡም። «ወ» ከመሐል አለፍ ብላ እንደምትገኝ እጃችሁ ያውቃል። ገለጥ ታደርጋላችሁ፤ ጥቂት ወደፊት ወይም ወደኋላ ብላችሁ ታገኙታላችሁ።

የመረጃ ቋቶች ግን በአብዛኛው የሚፈልጉት ሩዶልፍ ባየርና ኤድዋርድ ማክራይት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባስተዋወቁት ቢ-ትሪ በሚባል ማውጫ ነው። ፍለጋው ከግንዱ ተነሥቶ፣ በየደረጃው ቅርንጫፍ እየመረጠ ይሄዳል። በዲሴምበር 2017 ቲም ክራስካ፣ ጄፍ ዲንና ሦስት ባልደረቦቻቸው ይፋ ባደረጉት ጥናት ይህን ማውጫ ቦታ በሚገምት ሞዴል ተኩት። ሞዴሉ «እዚህ አካባቢ ነው፤ ብሳሳትም ከዚህ አልርቅም» ይላል፤ ፍለጋው በዚያች ክልል ብቻ ይካሄዳል። በሞከሯቸው መረጃዎች ላይ ፍጥነቱ እስከ 70 በመቶ ሲጨምር፣ የሚይዘው ሜሞሪ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ወረደ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ግምቱ ቢሳሳት የሚባክነው ጥቂት ጊዜ እንጂ የሚጠፋ ቃል የለም።

ፕሮሰሰርም እንዲሁ ነው። «ይህ ከሆነ» የሚል ትእዛዝ ሲገጥመው መልሱን ሳይጠብቅ በግምት አንዱን መንገድ ይዞ ይቀጥላል። ዳንኤል ሂሜኔዝና ካልቪን ሊን በ2001 ይህን ግምት ፐርሴፕትሮን በተባለ ቀላል የነርቭ መረብ ማሻሻል እንደሚቻል አሳዩ። ግምቱ ከከሸፈ ፕሮሰሰሩ የሠራውን ሰርዞ ከመንታው መንገድ እንደገና ይጀምራል።

ጉግልና ዲፕማይንድ ደግሞ በ2016 ለዳታ ሴንተር ማቀዝቀዣ የሚውለውን ኃይል እስከ 40 በመቶ መቀነሳቸውን አስታወቁ። በ2018 ሞዴሉ ማቀዝቀዣውን በቀጥታ ሲያዝ፣ ትእዛዙ ባለሙያዎች ካስቀመጡት የደኅንነት ወሰን እንዳይወጣ ሁለት ጊዜ ይፈተሽ ነበር፤ ሠራተኞቹም ባሻቸው ሰዓት ቁጥጥሩን መልሰው መረከብ ይችሉ ነበር።

የገና ዋዜማ

የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት (1962 ዓ.ም.) የተዘጋጀው በአበገደ ተራ ነው። እዚያ «ወ» ከፊተኞቹ ፊደላት አንዷ ናት። ሀለሐመ የለመደ እጅ ያን መጽሐፍ ሲይዝ ሩቅ ገልጦ ይሳሳታል። የተማረ ማሽን ትልቁ ድካሙም ይኸው ነው፤ የሚያውቀው ያሳዩትን ብቻ ነው።

ይህ በእኔም ደርሷል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ አፍሪካ የስልክ ጥሪ በሚያቀርብ ድርጅት ስሠራ፣ ማታ ስንት ሰርቨር እንደሚበራ የሚወስን ሞዴል ተከልን። ያስተማርነው ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር በተሰበሰበ መረጃ ነበር። ጃንዩዋሪ 6 ምሽት ሞዴሉ ጭር ያለ ሌሊት ነው ብሎ አብዛኛውን ሰርቨር አጠፋ። ለካ የገና ዋዜማ ነው! ሐበሻው ሁሉ እናቱን «እንኳን አደረሰሽ» ለማለት ስልክ ሲያነሣ መስመሩ ተዘጋ። እኔ ራሴ ለእናቴ ስደውል አልገባ ሲለኝ ነው ነገሩን ያወቅሁት። ያሳፈረኝ ደግሞ ሞዴሉን ያስተማርኩት ሐበሻ እኔው መሆኔ ነው።

የሞዴሉ መሳሳት አይገርምም። የእኛ ጥፋት «መስመር ሲሞላ ሁሉንም አብራ» የሚለውን የድሮ ደንብ ከእንግዲህ አያስፈልግም ብለን ማንሳታችን ነበር። በማግስቱ መለስነው።

ግምቱ ሰው ላይ ሲያርፍ

በዚህ አገር ግምት ከሰርቨር ክፍል ወጥቶ ሰው ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን አይተናል። የዴን ሃግ ፍርድ ቤት ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2020 ሲሪ የተባለው፣ የድጎማ አጭበርባሪዎችን በስሌት የሚጠቁም የመንግሥት ሥርዓት በቂ ግልጽነት የለውም፣ ሊመረመርም አይችልም፣ የግል ሕይወት መብትንም ይጥሳል ሲል ፈረደ። በዚያው ዓመት የግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን የግብር መሥሪያ ቤቱ ሞዴል የኔዘርላንድስ ዜጋ አለመሆንን እንደ አንድ የሥጋት ምልክት ይጠቀም እንደነበር አረጋገጠ። በሕፃናት መዋያ ድጎማ ጉዳይ በሺዎች የሚቆጠሩ ወላጆች ያለ ጥፋታቸው ዕዳ ውስጥ ተዘፈቁ፤ ጃንዩዋሪ 15 ቀን 2021 መንግሥቱ ሥልጣን ለቀቀ።

ፕሮሰሰር የከሸፈ ግምቱን ከሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይሰርዛል። በተሳሳተ ግምት የተበተነ ቤት ግን እንዲህ አይሰበሰብም። ስለዚህ አንድ ማሽን ሊወስንላችሁ ነው ሲባል ሦስት ነገር ጠይቁ። ቢሳሳት ማን ያውቃል? ስሕተቱ ምን ያስከፍላል? በምን መንገድ ይመለሳል? የሰርቨር ባለሙያ ለአንድ ማቀዝቀዣ እንኳ እነዚህን ሳይጠይቅ አያልፍም፤ ለሰውማ እንዴት ይታለፋል?

ቸር ይግጠመን።