የጮሌ ቤትና የዓረብ ነዳጅ

ከጮሌ እስከ አሰላ ዓረብ አገር የሄደች እህት ወይም የአክስት ልጅ የሌለችው ቤተሰብ ጥቂት ነው። በላከችው ገንዘብ የጭቃው ቤት በብሎኬት ተተክቷል፣ ታናሽ ወንድሟ ተምሯል፣ ባጃጅ ተገዝቷል። ገንዘቡ የእሷ ላብ ነው። ደመወዟን የሚከፍለው ቤተሰብ ገቢ ግን በአብዛኛው ምንጩ ነዳጅ ነው። ስለዚህ የነዳጅ ነገር የጮሌም ነገር ነው።

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። ከመቶ ዓመት በፊት መንገዱ የተገላቢጦሽ ነበር። የመናውያን ባሕር ተሻግረው ሥራ ፍለጋ ወደ እኛ ይመጡ ነበር፤ በየከተማው የከፈቱትን የዓረብ ሱቅ ሽማግሌዎቻችን ዛሬም ያነሱታል። ያኔ የባሕሬንና የኩዌት ሰዎች ትልቁ መተዳደሪያ ከባሕር ወለል ጠልቀው የሚያወጡት ሉል ነበር። ጃፓኖች ሉልን በሰው እጅ ማርባት ቻሉ፤ የዓለም ኢኮኖሚ ቀውስም ተደረበበት። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የሉል ገበያ ወደቀ፣ ጠላቂዎቹም ሥራ አጡ። ደግነቱ በዚያው ዘመን ነዳጅ ተገኘ፤ ባሕሬን በ1932፣ ኩዌትና ሳዑዲ ዓረቢያ በ1938።

ኩዌት ከሉሉ የተማረች ይመስላል። ነፃነቷን ከማግኘቷ 8 ዓመት ቀድማ በ1953 የነዳጅ ገቢዋን ትርፍ ለመጪው ትውልድ የሚያስቀምጥ ተቋም መሠረተች። ጉድጓዱ ገና ሞልቶ ሳለ ማለት ነው። በ1973 የአንድ በርሜል ዋጋ ከ3 ዶላር ገደማ ተነስቶ በወራት ውስጥ አራት እጥፍ ሲሆን፣ ሠራተኛ ከየአገሩ ወደ ባሕረ ሰላጤው ጎረፈ። በኋላ የኛም ልጆች ተከተሉ።

ከዚያ ወዲህ ማስጠንቀቂያው ብዙ ነው። በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ ፈቃድ የሌላቸውን ሠራተኞች ስታስወጣ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ምክንያቱ የነዳጅ ዋጋ አልነበረም፤ ነገር ግን የብዙ ቤት ገቢ በአንድ ውሳኔ እንደሚቆም አየን። በ2016 መጀመሪያ በርሜሉ ከ30 ዶላር በታች ወረደ፤ በዚያው ዓመት ሳዑዲ ከነዳጅ ጥገኝነት መላቀቅን ዓላማው ያደረገ «ራዕይ 2030»ን አወጀች። በ2023 ደግሞ ዱባይ ላይ የተሰበሰቡ መንግሥታት ከነዳጅ ቀስ በቀስ ለመውጣት ተስማሙ። አገራችንም በ2024 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከለከለች።

ነዳጅ ነገ ጠዋት ያበቃል አንልም። ግን ባለ ጉድጓዶቹ ራሳቸው ለማግስቱ ሲዘጋጁ፣ በእነሱ ገበታ የምናድር እኛ ምን አዘጋጀን?

ወንድሞችና እህቶች፣ የተላከ ገንዘብ አማና ነው። ብዙ እህቶች ዓመታት ለፍተው ሲመለሱ በስማቸው የተቀመጠ አንዳች ነገር አያገኙም። ከየወሩ ገንዘብ ጥቂቱ በእሷ ስም ይቀመጥ። የቀረው ከቆርቆሮና ከሠርግ አልፎ ወደ ሥራ ይግባ። አርሲ የስንዴና የገብስ አገር ነው። ቁሉምሳ ላይ የስንዴ ዝርያ የሚያወጣ የምርምር ማዕከል፣ አሰላ ላይ ገብስ የሚገዛ የብቅል ፋብሪካ አለ። መሬት ጠቦናል፣ እውነት ነው። መውቂያ ማሽንና ወፍጮ ግን ሰፊ መሬት አይጠይቁም፤ ሦስት አራት ቤተሰብ በሽርክና ይችላቸዋል።

አላህ በስደት ያሉትን በሰላም ይመልስልን፤ ሲመለሱም የሚያርፉበትን እንድናቆይላቸው ያግራልን።