ጠያቂው፣ ሰዓቱና ኮከብ ቈጣሪው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እ.ኤ.አ. በ1647 በለንደን ከተማ «ክርስቲያናዊ የከዋክብት ጥበብ» የሚል ርእስ የተሰጠው ትልቅ መጽሐፍ ታተመ። ጸሐፊው ዊሊያም ሊሊ በዘመኑ ስመ ጥር የነበረ ኮከብ ቈጣሪ ነው። ለመሆኑ ርእሱ ክርስቲያናዊ ስለ ተባለ በውስጡ ያለው ትምህርት ክርስቲያናዊ ይሆናልን? ታሪኩን አብረን እንመርምር።

ጥበቡ እንዴት ይሠራል?

ጠያቂው ወደ ኮከብ ቈጣሪው ቀርቦ «የጠፋብኝን ንብረት አገኘው ይሆን?»፣ «ይህችን ሴት አገባት ይሆን?»፣ «በሽተኛው ይድናል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ኮከብ ቈጣሪው የሚይዘው የሰውየውን የልደት ቀን ሳይሆን ጥያቄው የቀረበበትን ሰዓት ነው። በዚያች ሰዓት ሰማይ የነበረበትን ሁኔታ በዐሥራ ሁለት «ቤቶች» በተከፈለ ሥዕል ላይ ያሰፍራል። የመጀመሪያው ቤት የጠያቂው ነው፤ ሁለተኛው የገንዘብ፣ ስድስተኛው የሕመም፣ ሰባተኛው የጋብቻና የሌባ፣ ዐሥረኛው የሹመት ይባላል። እያንዳንዱ ቤት ገዥ ፕላኔት አለው። የጠያቂው ቤት ገዥና የተጠየቀው ነገር ቤት ገዥ ወደ መገናኘት የሚጓዙ ከሆነ «ይሆናል»፣ የሚራራቁ ከሆነ «አይሆንም» ተብሎ ይፈረዳል።

ሊሊ ከፍርድ በፊት ሊታዩ የሚገባቸውን ማስጠንቀቂያዎችም ዘርዝሯል። ለምሳሌ ሳተርን በሰባተኛው ቤት ከተገኘ የፈራጁ ፍርድ ሊበላሽ ይችላል ይላል። ልብ በሉ! ጥበቡ ለስሕተቱ ማምለጫውን አስቀድሞ አዘጋጅቷል።

ከባግዳድ እስከ ለንደን፣ እስከ አገራችንም

ይህ ጥበብ በለንደን አልተጀመረም። መሠረቱ የጥንት ግሪኮች ትምህርት ሲሆን፣ በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደ ማሻአላህ ያሉ የባግዳድ ኮከብ ቈጣሪዎች አስፋፍተውታል። ማሻአላህ አይሁዳዊ ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ762 ባግዳድ የምትመሠረትበትን ሰዓት ከመረጡት መካከል ይቈጠራል። መጻሕፍቱ በኋላ ወደ ላቲን ተተርጕመው አውሮፓ ገቡ።

በአገራችን «ዐውደ ነገሥት» በሚባለው መጽሐፍ የሰውየውና የእናቱ ስም ፊደላት በቍጥር ተደምረው፣ በዐሥራ ሁለት ተገድፈው፣ በሚቀረው ቍጥር «ኮከብህ ይህ ነው» ይባላል። ስሌቱ ከሊሊ ቢለይም ሐመል፣ ሚዛን፣ ዐቅራብ፣ ሑት የሚሉት ስሞች ዐረብኛ ናቸው። «የአባቶቻችን ነው» የምንለው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን የተገኘ አይደለም።

አንድ ሰማይ፣ ሁለት ትንቢት

በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ጆርጅ ዋርተን የንጉሡ፣ ሊሊ ደግሞ የፓርላማው ደጋፊ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1645 አንዱን ሰማይ አይተው ዋርተን ለንጉሡ፣ ሊሊ ለፓርላማው መልካም ዕድል ተነበዩ። በዚያው ዓመት በኔዝቢ ፓርላማው አሸነፈ። ይሁን እንጂ ከከዋክብቱ ቀድሞ የተናገረው የየራሳቸው ምኞት እንደ ነበረ ማን ይስታል?

እ.ኤ.አ. በ1666 ለንደን በእሳት ስትቃጠል ሊሊ ከዓመታት በፊት የምትነድ ከተማ ሥዕል አሳትሞ ስለ ነበር የፓርላማ ኮሚቴ ጠርቶ መረመረው። ዓመቱን ዐውቆ እንደ ነበር ሲጠየቅ ግን አለማወቁን ተናገረ፤ በነፃም ተሰናበተ።

«እውነት ከሆነስ?»

አንዳንዱ «ሊሊ የተሰረቀበትን ዓሣ በዚሁ ጥበብ ፈልጎ ማግኘቱን ጽፏል፤ ታዲያ ምን ክፉ አለው?» ይል ይሆናል። በፊልጵስዩስ የነበረችው የምዋርተኝነት መንፈስ ያደረባት ገረድ ስለ ሐዋርያት የተናገረችው ቃል ሐሰት አልነበረም፤ ቅዱስ ጳውሎስ ግን መንፈሱን አስወጣው (ሐዋ. 16፥16-18)። ጥያቄው መልሱ ገጠመ አልገጠመ ብቻ አይደለም፤ መልሱን ከማን ፈለግነው የሚለው ነው።

ስለዚህ ነው በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሎዶቅያ ጉባኤ በ36ኛው ቀኖናው ካህናት ኮከብ ቈጣሪዎች እንዳይሆኑና ክታብ እንዳይሠሩ የከለከለው። በእንግሊዝ ግን ሪቻርድ ናፒየር የተባለ የአጥቢያ ካህን እስከ ዕረፍቱ (1634 እ.ኤ.አ.) ድረስ ሕመምተኞችን በኮከብ ይመረምር ነበር። የእርሱና የመምህሩ የሳይመን ፎርማን መዛግብት ወደ 80,000 የሚጠጉ ምክክሮችን ይዘዋል። እነዚያ ሁሉ የተጨነቁ ነፍሳት ወደ ካህን ሲመጡ የከዋክብት ሥዕል መቀበላቸው ምንኛ ያሳዝናል!

ቅዱስ አውግስጢኖስም በወጣትነቱ ኮከብ ቈጣሪዎችን ያማክር ነበር። የተመለሰው በአንድ ሰዓት ስለ ተወለዱ ሁለት ልጆች ከሰማ በኋላ ነው፤ አንዱ በክብር ሲኖር ሌላው ባሪያ ሆኖ ቀርቷል። በአገራችንም ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በመጽሐፈ ብርሃን ጥንቆላን አጥብቆ ነቅፏል።

እኛስ?

ቤተ ክርስቲያናችን የሰማይን ብርሃናት አትንቅም፤ በባሕረ ሐሳብ በዓላትንና አጽዋማትን ትቈጥራለች። ባሕረ ሐሳብ ግን ጾም መቼ እንደሚገባ እንጂ ማን ማንን እንደሚያገባ አይናገርም። ብርሃናት ለዘመን ምልክት ተፈጠሩ (ዘፍ. 1፥14)፤ ዘመናትን ግን አብ በገዛ ሥልጣኑ አደረጋቸው (ሐዋ. 1፥7)።

ዛሬ ጥያቄው በእጅ ስልካችን ላይ ነው፤ «ኮከባችን ይገጥማል ወይ?» እያልን እጮኛችንን እንመዝናለን። ወንድሜ ሆይ፣ እኅቴ ሆይ! ጭንቀትህን ወደ ንስሐ አባትህ፣ ጭንቀትሽንም ወደ ንስሐ አባትሽ ውሰዱ። መልሱ ቢዘገይም፣ የምንጠብቀው ከዋክብትን የፈጠረውን ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።