አረብ ማን ነው? ችሎት፣ ሲኒማና የጅምላ ፍረጃ በአሜሪካ የአረቦች ስደት

በ1942 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የየመን ተወላጁ አህመድ ሐሰን የአሜሪካ ዜግነት እንዲሰጣቸው ዲትሮይት በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት አመለከቱ። ሕጉ የውጭ ተወላጅን በዜግነት ሲቀበል «ነጭ ሰው» መሆንን ይጠይቅ ነበር፤ ከዚህ የተለዩት የአፍሪካ ተወላጆችና ሌሎች ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። ዳኛው የአመልካቹን ቆዳ ጥቁረት፣ እንዲሁም የእስልምና ባህል ከአውሮፓ ክርስቲያኖች ባህል መራቁን ጠቅሰው ጥያቄውን ውድቅ አደረጉት። በ1944 ደግሞ ማሳቹሴትስ ውስጥ ሌላው የአረቢያ ልሳነ ምድር ተወላጅ መሐመድ ሞህሪዝ ያንኑ ጥያቄ አቀረቡ። ዳኛ ቻርልስ ዊዛንስኪ አልጀብራንና ሕክምናን፣ አረቦች በስፔንና በሲሲሊ የተዉትን ሥነ ሕንፃ አንስተው ፈቀዱላቸው። ሕጉ ያው፣ ሁለቱ ሰዎች የመጡበት ምድርም ያው ነው። የተለያየው ዳኞቹ ወደ ችሎት ይዘውት የገቡት የአረብ ሥዕል ነው።

የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ከዚህ ይነሣል። በስደት የሚኖር አረብ የሚለጠፍበትን ክፉ ሥዕል በተዋበ ሥዕል መተካት ዘላቂ መልስ አይሆንም። ዘላቂው መልስ ሰውን ከጅምላ ስሙ አውጥቶ በአገሩ፣ በእምነቱና በኑሮው ለይቶ ማወቅ ነው።

የነጭነት ዋጋ

በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አሜሪካ የገቡት ቀደምት አረቦች አብዛኞቹ ከሊባኖስ ተራራ አካባቢ የመጡ ክርስቲያኖች ነበሩ። ራሳቸውን «ሶሪያውያን» ይሉ ነበር። ኒው ዮርክ ውስጥ በዋሽንግተን ጎዳና ሰፈር መሠረቱ፤ ብዙዎቹም ዕቃ ተሸክመው ከመንደር መንደር እየዞሩ ይነግዱ ነበር። ከእነዚህ ስደተኞች አንዱ፣ የሊባኖሷ ባትሩን ተወላጁ ጆርጅ ዳው፣ በ1914 ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ነጭ አይደለህም ተብለው ዜግነት ተከለከሉ። በወቅቱ ከሶሪያውያኑ ወገን የቀረበው አንድ ክርክር ልብ ይነካል፦ የእኛን ምድር ሰው የሚያገል ሕግ እዚያው የተወለደውን ክርስቶስንም ያገላል የሚል ነበር። ዳኛው አልተቀበሉትም። በ1915 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለዳው ፈረደ።

ድሉ ግን ዋጋ አስከፍሏል። መንግሥት ከመካከለኛው ምሥራቅና ከሰሜን አፍሪካ የመጡ ሰዎችን ከነጮች ጋር ሲቆጥር ኖሮ፣ የራሳቸውን መደብ እንዲያገኙ የወሰነው በመጋቢት 2024 ነው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ አሜሪካዊ አረብ በቆጠራ ቅጽ ላይ ነጭ ነበር፤ በአውሮፕላን ማረፊያ ግን ተጠርጣሪ ሊሆን ይችል ነበር። ለመጠርጠር የሚለይ፣ ለመቆጠር የማይለይ ሕዝብ በደሉን በአኃዝ ለማስረዳት እንኳ ይቸገራል።

ከሲኒማ ወደ ጎዳና

የሊባኖስ ስደተኞች ልጅ የሆኑት ምሁር ጃክ ሻሂን ከ900 በላይ የሆሊውድ ፊልሞችን መርምረው ውጤቱን በ2001 በመጽሐፍ አሳተሙ። ደጋግመው ያገኙት አረብ ሦስት ዓይነት ነው፦ ብሩን የሚበትን ሼክ፣ ቦምብ የታጠቀ ሰው፣ ድምፅ የሌላት ሴት።

ነገሩን ቀረብ ብሎ ለማየት የ1992ቱ የዲስኒ ካርቱን «አላዲን» ይበቃል። የመክፈቻው ዘፈን የታሪኩን አገር መልኩን ያልወደዱለትን ሰው ጆሮ የሚቆርጥ አድርጎ ያስተዋውቃል። በ1980 የተቋቋመው የአሜሪካ አረቦች ፀረ አድልዎ ኮሚቴ ተቃውሞ አሰማ፤ በ1993 ፊልሙ በቪዲዮ ሲወጣ የጆሮው ስንኝ ተለወጠ። አገሩን አረመኔ የሚለው ቃል ግን ባለበት ቀረ። አነጋገሩንም ልብ ማለት ያሻል። አላዲንና ጃስሚን እንደ አሜሪካውያን ይናገራሉ፤ ጠባቂዎቹና የገበያ ሰዎቹ ግን በአረብኛ ቅላጼ። በአንድ ከተማ የተወለዱ ሰዎች ክፉና ደጋቸው በቅላጼ ሲለይ፣ የሚያየው ሕፃን ከቃላቱ በፊት ይህን ትምህርት ይቀስማል።

ሥዕሉ ከሲኒማ አዳራሽ ወጥቶ ሰው ላይ ያርፋል። በሚያዝያ 1995 ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ 168 ሰዎች የሞቱበት ፍንዳታ ሲደርስ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የብዙዎች ጣት የተቀሰረው ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ነበር። ወንጀሉን የፈጸመው ቲሞቲ ማክቬይ ግን አሜሪካ ተወልዶ ያደገ፣ በባሕረ ሰላጤው ጦርነት የተሳተፈ የቀድሞ ወታደር ነበር።

የተዋበው ሥዕል ወሰን

ለዚህ ሁሉ የተለመደው መልስ የታላላቆችን ስምና ሥራ መጥራት ነው፦ አልጀብራ፣ የሕክምና ሊቁ ኢብን ሲና፣ ገጣሚው ካሊል ጂብራን። ዳኛ ዊዛንስኪም የሄዱት በዚህ መንገድ ነው፤ ውሳኔያቸውም ለሞህሪዝ ፍትሕ አስገኝቷል። ይሁን እንጂ የሰውን ክብር በቅድመ አያቶቹ ሥራ ላይ ማንጠልጠል አደጋ አለው። ዲትሮይት አጠገብ ባለችው በዲርቦርን በሚገኘው የፎርድ ፋብሪካ ሲለፋ የዋለ የመናዊ አልጀብራን ባያውቅ መብቱ ይቀንስበታል? ከነጭራሹ አረብ ያልሆነው ኢብን ሲና በዚህ ዝርዝር ውስጥ መግባቱም የተዋበው ሥዕል ራሱ ጅምላ መሆኑን ያሳያል። በ2005 በዚያችው በዲርቦርን የተከፈተው የአረብ አሜሪካውያን ብሔራዊ ሙዚየም የተራውን ስደተኛ ቤተሰብ ታሪክ ጭምር መያዙ የላቀ ዋጋ የሚኖረው ለዚህ ነው።

እኛስ?

የአማርኛ ተናጋሪውም ከዚህ ጥያቄ ነፃ አይደለም። «አረብ አገር» ስንል ቤሩትን፣ ጅዳንና ዱባይን በአንድ ቃል እናጠቃልላለን። በእነዚህ ከተሞች እህቶቻችን የደረሰባቸው ግፍ እውነት ነው፤ መድበስበስም የለበትም። ነገር ግን አሠሪው ስሙና አድራሻው፣ የአሠሪና ሠራተኛ ሥርዓቱም ሕግና መንግሥት አለው። ጥፋቱን ለ«አረብ» በጅምላ ስንሰጥ በዳዩ በብዙኃኑ መካከል ይሰወራል። ለይቶ ማወቅ ለተበዳይዋም የሚበጀው ስለዚህ ነው።

አረብኛን የአንድ እምነት ቋንቋ አድርጎ ለሚያስብም ፍትሐ ነገሥታችን መልስ ይሰጣል። መጽሐፉን በ13ኛው መቶ ዘመን ግብፅ ውስጥ ያዘጋጀው ክርስቲያኑ ኢብን አል አሳል ነው፤ የጻፈው በአረብኛ ሲሆን ወደ ግዕዝ የተመለሰው ከዚያ ነው።

ጅምላውን የማፍረሻ ልምዱም ከእኛው ዘንድ ነበር። በየከተማችን «አረብ ቤት» ይባል የነበረው የየመናዊው ሱቅ ለሩቅ ሰው አረብ ቤት ብቻ ነበር። ስኳር በዱቤ የወሰደች ጎረቤት ግን ባለሱቁን በስሙ ትጠራዋለች፤ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ የመጣበትን አገር ታውቃለች። አህመድ ሐሰን ዲትሮይት ችሎት ፊት ሲቆሙ ያጡት ይህን ዓይነት ዕውቀት ነው።